ሶመርሴትን በውሃው መንገድ ማየት

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት ካውንቲ (አውራጃ)፣ ሜንዲፕ የሚባሉት ኮረብቶች ላይ ዝናቡ አይጠፋም፤ ወንዙ ግን ይጠፋል። ውሃው ጥቂት እንደፈሰሰ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይገባና በዚያው ይሰወራል። ኮረብቶቹ የኖራ ድንጋይ ስለሆኑ ዝናቡ ስንጥቁን እያሰፋ ወደ ታች ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አጭሩን የያዘው ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ በኮረብቶቹ ግርጌ፣ ቼዳርና ዌልስ ላይ ተመልሶ ይፈልቃል። ረጅሙን የያዘው ከ2,700 እስከ 4,300 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ የምድር ውስጥ ሙቀት ያግለዋል፤ ከ10,000 ዓመት ገደማ በኋላም ባዝ ከተማ ላይ ትኩስ ሆኖ እንደሚወጣ ይገመታል። ከሁለቱም መንገድ የተረፈው በዝቅተኛው የረግረግ ሜዳ ላይ እየተንቀራፈፈ ወደ ባሕር ያመራል።

የሶመርሴት ካውንቲ ታሪክ ከዚህ ውሃ አይለይም። ሮማውያን ቤተ መቅደስ የሠሩት በትኩሱ ምንጭ ላይ ነው። ጳጳሳቱ ካቴድራላቸውን ያቆሙት በቀዝቃዛው ምንጭ አጠገብ ነው። ንጉሥ አልፍሬድ ከጠላት ያመለጠው ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ከ800 ዓመት በኋላ የተነሳ የአማፂ ጦር የተሸነፈውም በአንድ የውሃ ቦይ ምክንያት ነው። ቦታዎቹን በስማቸው ዝና ብቻ እየመረጡ መዝለል ይቻላል፤ ውሃውን ተከትሎ የሄደ ግን አንዱ ቦታ ሌላውን ሲያስረዳው ያያል።

ከጉዞው በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባዝ በታሪክም በሥርዓታዊ አከላለልም ሶመርሴት ናት፤ አስተዳደሯ ግን የተለየ ነው። በሶመርሴት ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ የባዝን መረጃ ብትፈልጉ አታገኙም። ሁለተኛ፣ ዌልስ የምላት ከተማ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ካለችው አገር ጋር በአማርኛ አጻጻፍ አንድ ትሁን እንጂ ምንም ግንኙነት የላቸውም። የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ “ምንጮች” ማለት ነው፤ ትኬት ስትቆርጡ እንዳትሳሳቱ። ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባዝ፦ ፍል ውሃው

ፍል ውሃ ከተማ ሲመሠርት አዲስ አበባ ታውቀዋለች። ባዝም እንዲሁ ናት። በየቀኑ 1,170,000 ሊትር ገደማ ውሃ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ይፈልቃል። ሮማውያን ከ60ዎቹና ከ70ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ምንጩን አጥረው፣ የአገሬው ሰው ሱሊስ እያለ ያመልካት የነበረችውን እንስት አምላክ ከራሳቸው ሚነርቫ ጋር አዋሕደው ቤተ መቅደስና መታጠቢያ ሠሩ።

ትልቁ ገንዳ ጋ ስትደርሱ አረንጓዴ ውሃ ታያላችሁ። በሮማውያን ዘመን እንዲህ አልነበረም። ገንዳው ያኔ ትልቅ ቅስት ጣሪያ ነበረው፤ ጣሪያው ከወደቀ በኋላ የፀሐይ ብርሃን አልጌ አበቀለበት። ቀና ብላችሁ የምታዩት ከላይ ያለው ሰገነትና ሐውልቶቹ የ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሥራ ናቸው። ሮማዊ የሆነው ከዓምዶቹ ግርጌ ወደ ታች ያለው ነው። ብዙ ጎብኚ ይህን ሳያውቅ ፎቶውን አንስቶ ይወጣል። ትክክለኛው ድንቅ ነገር ከውሃው በታች ነው፤ 1.6 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ ወለሉ በ45 ወፋፍራም የእርሳስ ንጣፎች የተለበጠ ነው፤ ንጣፎቹ ዛሬም ውሃ ይዘዋል። ሮማውያን የሠሩት የፍሳሽ ቦይም እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። እንዲያውም አጠገቡ ያለው የባዝ ቤተ ክርስቲያን ወለል አሁን የሚሞቀው፣ ያ ቦይ ወደ ወንዙ ይዞት ከሚወርደው ውሃ በሚወሰድ ሙቀት ነው።

ውስጥ ካለው ሁሉ ረጅም ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ አንድ የመስታወት ማሳያ መስኮት አለ፤ የእርግማን ጽሑፎቹ ያሉበት። ወደ 130 የሚሆኑ ስስ የእርሳስ ቁርጥራጮች ከምንጩ ውስጥ ወጥተዋል። ሰው ዕቃው ሲሰረቅ ስሞታውን በላቲን በእርሳሱ ላይ ይጭራል፣ ይጠቀልለዋል፣ ለእንስቷ አምላክ ይድረስ ብሎ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። ዶኪሜዲስ የሚባል ሰው ሁለት ጓንቶቹ ጠፍተውበት፣ ሌባው አእምሮውንና ዓይኖቹን በቤተ መቅደሷ እንዲያጣ ይጠይቃል። ሌሎቹም “ወንድ ቢሆን ሴት፣ ባሪያ ቢሆን ነጻ ሰው” እያሉ ሌባው ማምለጫ እንዳያገኝ እንደ ውል ያጥራሉ። በሁለት ጓንት የተቃጠለ ሰው ድምፅ፣ ከ1,600 ዓመት በላይ አልፎ፣ እንደዚህ በቅርብ የሚሰማበት ቦታ ጥቂት ነው። ፊደሎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ መብራቱ ከጎን በሚያርፍበት በኩል ቆማችሁ ብታዩ ጭረቱ ይለያል።

ገንዳው ውስጥ መግባት ቀርቶ ውሃውን መንካት አይፈቀድም። ውሃው አልታከመም፣ ወለሉም እርሳስ ነው። በ1978 ከዚሁ ምንጭ በሚሞላ መዋኛ የዋኘች ልጅ ውሃው ውስጥ በሚኖር አሜባ ተይዛ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ መታጠቢያዎቹ ተዘጉ። አሁን ውሃው የሚወሰደው ጠልቆ ከተቆፈረ አዲስ ጉድጓድ ነው። ቴርሜ ባዝ ስፓ የሚባለው ዘመናዊ መታጠቢያ በ2006 የተከፈተው በዚህ ውሃ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ግን አያስገባም። ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ከመመለስ አስቀድሞ ይወቀው። ውሃውን መቅመስ ብቻ ለሚፈልግ ከሮማውያኑ መታጠቢያ ጉብኝት ጋር የተጣራው ይቀርባል። ለብ ያለና የብረት ጣዕም ያለው ነው፤ ጸበል ለለመደ ሰው አዲስ አይሆንም።

ትኬቱ እንደ ቀኑ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ይወደዳል። ጠዋት እንደተከፈተ ወይም ከመዘጋቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ መግባት ከእኩለ ቀኑ ግፊያ ያድናል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ከመደባችሁ የእርግማኑ መስኮት ጋ ሳትደርሱ ትወጣላችሁ።

ከመታጠቢያው ስትወጡ የቤተ ክርስቲያኑን ምዕራባዊ ፊት ተመልከቱ። በሁለቱም ጎን በድንጋይ በተቀረጸ መሰላል ላይ መላእክት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ አንዳንዶቹ ቁልቁል ተዘቅዝቀዋል። ያዕቆብ በቤቴል ያየውን የሚያስታውስ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ሕንጻውን ከ1499 ጀምሮ ያስጀመሩት ጳጳስ ኦሊቨር ኪንግ እንዲህ ያለ ሕልም አይተው ነው ይባላል። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድጋር በ973 የተቀባው በዚሁ ቦታ በነበረው ቀዳሚ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የ18ኛው መቶ ዘመን ባዝ በማር ቀለም ድንጋይ ተሠርቷል። የጨረቃ ቅርጽ ያለው ሮያል ክሬሰንት 30 ቤቶችና 114 ዓምዶች አሉት፤ አርክቴክቱ ጆን ዉድ (ልጁ) ከ1767 ጀምሮ ሠራው። ፊቱን ካያችሁ በኋላ ወደ ጀርባው ዙሩ። ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት የሚመስለው ከኋላ ሲታይ እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ፈቃዱ የሠራው የተዘበራረቀ ነው፤ ፊቱ ብቻ በአንድ ንድፍ ተሠርቶ፣ ከኋላው ያለውን ግንባታ ለየገዢው ስለተዉት ነው።

ፌርፊልድ ቤት

ባዝ ድረስ ሄዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ቤት የነበረውን ፌርፊልድን ሳያይ የሚመለስ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ያሳዝናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ከመሃል ከተማ በስተምዕራብ፣ ኬልስተን መንገድ ላይ ነው፣ በአስጎብኚ አውቶቡሶች መንገድም አይገኝም። በእግር ከመሃል ከተማ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ሮያል ቪክቶሪያ ፓርክን አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ስትቀጥሉ ኒውብሪጅ ኮረብታ ላይ ትወጣላችሁ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከተናገሩ በኋላ፣ በ1936 የበጋ ወራት (በእኛ በ1928 ማብቂያ) ወደ ባዝ መጡ። ቤቱን ገዝተው ከቤተሰባቸውና አብረዋቸው ከተሰደዱት ጋር በእኛ አቆጣጠር እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኖሩበት። ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቱም ተጓዙ፤ ከዚያ ወደ አገራቸው የገቡበትን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያጻፉት በባዝ ነው። ልዕልት ፀሐይ ያን ጊዜ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ይማሩ ነበር።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ያረፉት እዚሁ ባዝ፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1931 ዓ.ም. ነው። የተቀበሩት ሎክስብሩክ መካነ መቃብር ሲሆን ከነጻነት በኋላ አፅማቸው ወደ አገራቸው ተመለሰ። መካነ መቃብሩ ከመሃል ከተማ ወደ ፌርፊልድ በሚወስደው አቅጣጫ ስለሆነ በጉዞው ላይ ብዙም አይጨምርም። ለዘመናዊው የአማርኛ ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት አንዱ የነበሩ ሰው፣ አገራቸው በጠላት እጅ እያለች የተሰናበቱት በዚህ ሰፈር ነው። ጥቂት ቆሞ ማሰብ ይገባቸዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ለጉብኝት ሲመለሱ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፤ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለባዝ አረጋውያን መጠቀሚያ ሰጡት። ቤቱ ዛሬም አረጋውያን የሚሰባሰቡበት ነው፤ ስለዚህ እንደ ሙዚየም በየቀኑ አይከፈትም። ዝም ብሎ ሄዶ በር ማንኳኳት የብዙዎች ስሕተት ነው። የጉብኝት ቀኑን በቤቱ ድረ ገጽ አይታችሁ ወይም አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ስትገቡ ቤተ መንግሥት አትጠብቁ። መጠነኛ የቪክቶሪያ ዘመን መኖሪያ ነው፤ ክፍሎቹ ሰፋ ያሉ፣ መስኮቶቹ ወደ ሸለቆው የሚመለከቱ። የስደቱን ልክ ለመረዳት ያ መጠነኛነቱ ራሱ ይበቃል።

ዌልስ፦ መቀሱ፣ ሰዓቱና ደረጃው

ከባዝ ወደ ደቡብ ምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ዌልስ ናት። የባቡር ጣቢያ የላትም፤ የነበራት በ1960ዎቹ ተዘግቷል። ከባዝ ወይም ከብሪስቶል በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ከብሪስቶል ያለው አንድ ሰዓት ሲፈጅ ከግላስተንበሪም ያገናኛል።

የካቴድራሉ ሥራ የተጀመረው በ1175 ገደማ ነው። ምዕራባዊ ግድግዳው ላይ 300 የሚሆኑ የመካከለኛው ዘመን ሐውልቶች ቀርተዋል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግን ዓይን የሚይዘው በመሃል የቆመው ግዙፍ የመቀስ ቅርጽ ነው፤ አንድ ቅስት ቆሞ፣ ሌላው ተዘቅዝቆ ጫፉ ላይ ተቀምጧል። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ነገሩ የጭንቅ ጥገና ነው። ከ1313 ጀምሮ የመሃሉን ግንብ ከፍ አድርገው በላዩ በእርሳስ የተለበጠ ሹል ጫፍ ጨመሩበት። መሠረቱ ክብደቱን አልቻለም። በ1338 ግንቡ ተሰንጥቆ ማዘንበል ጀመረ። ዋናው ግንበኛ ዊልያም ጆይ እስከ 1348 ድረስ በሦስት ጎን እነዚህን ቅስቶች አስገባ፤ አራተኛው ጎን ቀድሞ በነበረው የድንጋይ መጋረጃ ተደግፏል። የላይኛው ቅስት ከግንቡ የሚመጣውን ጫና ተቀብሎ ወደ ጎን ይበትነዋል፣ የታችኛው ዓምዶቹ ወደ ውስጥ እንዳይጠጉ ይገፋቸዋል። ከመቀሱ በስተጀርባ ያሉትን የቀድሞ ቅስቶች መስመር በዓይናችሁ ብትከተሉ ግንቡ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ በቀላሉ ይታያችኋል።

በሰሜኑ ክንፍ ያለው ሰዓት ከ1390 ገደማ ጀምሮ ነው። ገጹ የመጀመሪያው ሲሆን የጥንቱ ማሽን ለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። በውጪው ክብ ላይ 24ቱ ሰዓቶች ሁለት ጊዜ 12 ሆነው ተጽፈዋል፣ እኩለ ቀኑ ከላይ ነው፤ የሚያሳየውም ፀሐይ የምትመስል ኮከብ ናት። በየሩብ ሰዓቱ ከላይ የተቀረጹ ፈረሰኞች ይዞራሉ፣ ሁልጊዜም አንዱ ብቻ ከፈረሱ ይወድቃል፤ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያው እሱ ነው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሩብ ሰዓቱ ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው እዚያ ቁሙ። ደውሉን በተረከዙ የሚመታው ጃክ የሚባለው ምስል ከሰዓቱ ገጽ ራቅ ብሎ በቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ሁሉም ፈረሰኞቹን ሲያይ እሱ ያመልጠዋል።

በዌልስ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል ግን ደረጃውን ነው የምመርጠው። ከሰሜኑ ክንፍ አጠገብ ወደ ጉባኤ አዳራሹ የሚወጣው የድንጋይ ደረጃ በሰባት መቶ ዓመት ርምጃ ተበልቶ እንደ ማዕበል ሆኗል። የእያንዳንዱ ደረጃ መሃሉ ሰርጉዷል፣ ጫፎቹ ብቻ ቀድሞ የነበሩበትን ልክ ይነግራሉ። ደረጃው መሃል ላይ ወደ አዳራሹ ለመግባት በቀኝ በኩል ይታጠፍና ሌላ ፈሳሽ ይመስላል። ላይ ያለው አዳራሽ በ1306 የተጠናቀቀ ነው፤ በዙሪያው 51 መቀመጫዎች፣ በመሃሉ 32 የድንጋይ ጅማቶች እንደ ዘንባባ የሚዘረጉበት አንድ ዓምድ አለው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ በዝናባማ ቀን ጫማችሁ እርጥብ ከሆነ በጠርዙ በኩል ውጡ።

ምንጮቹ በጳጳሱ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ናቸው። ውሃው ከሜንዲፕ መጥቶ ገንዳው ሥር አሸዋውን እያንተከተከ ሲወጣ ይታያል። ቤተ መንግሥቱን የከበበው የውሃ ጉድብ የሚሞላው በዚሁ ነው፤ ዝይ መሳይ ነጫጭ ስዋኖች ምግብ ሲፈልጉ ከመግቢያው አጠገብ የተሰቀለ ደውል ይጎትታሉ። በ1451 ጳጳስ ቤኪንተን ለከተማው ሕዝብ ከዚሁ ምንጭ ውሃ እንዲወርድ ፈቀዱ፤ በዋናው መንገድ ዳር በድንጋይ ቦይ የሚፈሰው ውሃ የዚያ ስጦታ ተከታይ ነው።

ቪካርስ ክሎዝ የሚባለውን ጠባብ ሰፈር ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከ1348 የጀመረ፣ ለካቴድራሉ ዘማሪዎች የተሠራ ነው። ከታች ስታዩት ረጅም ይመስላል፤ ከላይ ስታዩት አጭር ነው። መንገዱ ወደ ላይ ሲሄድ ሦስት ሜትር ያህል ስለሚጠብብ ነው።

ግላስተንበሪ

ጌታን ከኒቆዲሞስ ጋር የገነዘውና የቀበረው ዮሴፍ ዘአርማትያስ ወደዚህች ከተማ መጥቷል የሚል ትውፊት እንግሊዞች አላቸው። በትሩን ተክሎ አበበ፣ ጽዋውን ቀበረ፣ ከቀበረበት ቀይ ውሃ ፈለቀ ይላሉ። ትውፊቱ በጽሑፍ የተስፋፋው በመካከለኛው ዘመን ነው፤ ገዳሙ በ1184 ከተቃጠለ በኋላ ማሠሪያ ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፣ በ1191 ደግሞ መነኮሳቱ የንጉሥ አርተርን መቃብር አገኘን አሉ። ምእመናን ጎረፉ። ይህን ታሪክ ማወቅ ለቦታው ያለንን አክብሮት አይቀንሰውም፤ ገዳሙ ግን እንዴት እንደዚህ ሀብታም እንደሆነ ያስረዳል።

የቻሊስ (የጽዋው) ምንጭ ውሃ ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፤ የሚያልፍበትን ድንጋይ ሁሉ ዝገት ቀለም አልብሶታል። ከበትሩ በቀለ የሚባለው ቁጥቋጦ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በክረምትና በጸደይ የሚያብብ እሾሃማ ተክል ነው። ከዘሩ ቢበቅል ይህን ጠባይ አይወርስም፣ በማዳቀያ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የሚቀጥለው። በየገናው አንድ ዘለላ ለንጉሡ ይላካል። ስለዚህ ተክል ከሚነገሩት ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው፤ እንግሊዝ በ1752 የቀን አቆጣጠሯን ስትለውጥ ገና በ11 ቀን ቀድሞ የሚውል ሆነ። ሕዝቡ አዲሱን ገና አላመነም ነበርና ተክሉ የትኛውን ገና እንደሚያከብር ለማየት ተሰበሰበ። በአዲሱ ቀን አላበበም፤ ያበበው በ5 ጃንዋሪ 1753፣ በአሮጌው ገና ቀን እንደሆነ በጊዜው ተጽፏል። ያ አሮጌ አቆጣጠር ዛሬ እኛ ገናን የምናከብርበት ቀን ላይ የሚውለው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በሁለት ቀን አድጎ።

ገዳሙ በ1539 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ተዘጋ። የመጨረሻው አበምኔት ሪቻርድ ዋይቲንግ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 15 ቀን ቶር የሚባለው ኮረብታ ላይ ተሰቀሉ። ድንጋዩ ለከተማው ቤትና መንገድ ተወሰደ። ከዚያ ሁሉ ጥፋት ሙሉ ሆኖ የተረፈው የአበምኔቱ ማድ ቤት ነው። ከውጭ አራት ማዕዘን፣ ጣሪያው ስምንት ጎን ነው፤ በአራቱ ማዕዘን አራት ምድጃ አለ፣ ጭሱና እንፋሎቱ በጣሪያው መሃል ባለው ክፍት ጉልላት ይወጣል። ውስጥ ቆማችሁ ቀና ብትሉ አየሩ እንዴት እንደሚሳብ ይታያል፤ በአራቱም ጥግ እሳት ነድዶ ማንም የማይታፈንበት ወጥ ቤት። የተረፈው ጥቅም ላይ ስለቆየ ነው፤ አንድ ሰሞን ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች እንኳ ይጸልዩበት ነበር።

ቶር 158 ሜትር ነው፤ ከከተማው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወጣል። ነፋሱ ከታች አይታወቅም፣ ላይ ግን ያንገላታል፤ በሐምሌም ቢሆን ጃኬት ያዙ። ኮረብታው ሥር ማቆሚያ የለም፣ መኪናችሁን ከተማ ውስጥ ተዉት። ታዋቂው የሙዚቃ ፌስቲቫል ደግሞ ግላስተንበሪ ውስጥ አይደለም፤ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ፣ ፒልተን መንደር አጠገብ ነው። በዚያ ሳምንት በጁን ማብቂያ ወደ አካባቢው ታሪክ ልጎብኝ ብሎ መሄድ መንገድ ላይ መዋል ነው።

ቼዳር

ሸለቆው እስከ 137 ሜትር ይጠልቃል። በበረዶ ዘመን መሬቱ ደርቆ ስለቀዘቀዘ ውሃው መስረግ አቅቶት በላይ እየፈሰሰ ቆረጠው፤ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ወደ ዋሻው ወረደ። በ1903 ጎፍ በሚባለው ዋሻ የተገኘው የቼዳር ሰው 10,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው፣ በብሪታንያ ከተገኙት ሙሉ ለሙሉ ሊባል ከሚችሉት የሰው አፅሞች ጥንታዊው ነው። በ2018 የወጣው የዘረመል ጥናት ቆዳው ጥቁር ወይም ጠይም፣ ዓይኑ ሰማያዊ እንደነበር አመለከተ። ዋሻው ውስጥ የምታዩት ቅጂ ነው፤ እውነተኛው ለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። እርሱ በኖረበት ዘመን ሜንዲፕ ላይ የዘነበው ዝናብ አሁን ባዝ ላይ በመውጣት ላይ ነው።

አይቡም የዚሁ መንደር ነው። ወተቱ ረግቶ አጓቱ ከወጣ በኋላ የቀረው በጡብ መልክ ተቆርጦ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፣ በየጊዜው ይገለበጣል፣ ክብደቱ የቀረውን አጓት ይጨምቃል። ይህ አሠራር ራሱ በመንደሩ ስም ይጠራል። ዋሻው ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ስለማይለዋወጥ አይቡ ቆይቶ የሚበስልበት ቦታ ሆነ። በዋሻ የበሰለው የሚል ከሆነ ጠይቃችሁ ቅመሱ፣ ከሱፐርማርኬቱ ጋር አይገናኝም።

ረግረጉ

ከዚህ በኋላ መኪና ወይም ብስክሌት ያስፈልጋል። ሜዳው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ “ሪን” በሚሏቸው ቦዮች ተከፋፍሏል። በብስባሽ እጽዋት የተሞላው ጥቁር አፈር እርጥብ እስከሆነ ድረስ አየር አያስገባም፣ እንጨትም አይበሰብስበትም። ስዊት ትራክ የተባለው የእንጨት መሄጃ የተረፈው ለዚህ ነው። በ1970 የተገኘ ሲሆን የዛፎቹ ቀለበት ተቆጥሮ የተሠራበት ጊዜ ታውቋል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3807 ክረምት ወይም በ3806 ጸደይ። ሁለት ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ ርቀት፣ እንደ ኤክስ ፊደል በተተከሉ ካስማዎች ላይ የኦክ ሳንቃ ተነጥፎ ነበር። ሻፕዊክ ሂዝ ጥብቅ ቦታ ውስጥ መስመሩን ተከትሎ መሄድ ይቻላል። እንጨቱን አታዩትም፤ ከመሬት በታች ነው። አፈሩ ከደረቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ስለሚበሰብስ ውሃ በፓምፕ እየገባ እርጥብ ሆኖ ይጠበቃል።

አልፍሬድ በ878 ከዴንማርክ ወራሪዎች ሸሽቶ የተደበቀበት አተልኒ ያኔ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ አሁን ሜዳ መሃል ያለ ጉብታ ነው። በላዩ ያለው የ1801 ሐውልት በእርሻ ይዞታ ውስጥ ስለሆነ ከመንገዱ ማየት ይበቃል።

ዌስተንዞይላንድ ግን ሊታለፍ አይገባም። የቻርልስ 2ኛ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ የሆነው የሞንማውዝ መስፍን በ1685 ዙፋን ይገባኛል ብሎ ተነሳ፤ ጦሩ አብዛኛው ገበሬና ሸማኔ ነበር። ጁላይ 5 ሌሊት ከብሪጅዎተር ወጥተው በጉም ውስጥ የተኛውን የንጉሡን ጦር ሊያጠቁ ገሰገሱ። የመጀመሪያውን ቦይ ሲሻገሩ ጥይት ተተኮሰ፣ ጠላት ነቃ። ፈረሰኞቹ ከሰፈሩ ፊት ያለውን ሁለተኛ ቦይ መሻገሪያውን በጨለማ ሊያገኙት አልቻሉም። ጎሕ ሲቀድ አለቀ። 500 የሚሆኑ ምርኮኞች የታጎሩት በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያ በኋላ በተካሄዱት ችሎቶች ከ300 በላይ ሰው ተሰቀለ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደ ካሪቢያን ተጋዙ። ቦዩ ተደፍኗል፣ ሜዳው ላይ ከመታሰቢያ ድንጋይ በቀር የሚታይ የለም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለውን ማብራሪያ አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ሜዳው ውጡ። በተቃራኒው ያደረገ ሰው የላም ግጦሽ አይቶ ይመለሳል። በዚያው መንደር በ1830 የተሠራ የእንፋሎት ፓምፕ ጣቢያ አለ፤ ማሽኖቹ የሚንቀሳቀሱት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አረጋግጡ።

ማችልኒ ገዳም ፈርሷል፤ የቀረው የአበምኔቱ ቤትና ሳር ክዳን ያለው ባለ ሁለት ፎቅ የመነኮሳት መጸዳጃ ነው፣ በብሪታንያ ሌላ እንዲህ ያለ የለም። በ2013 እና 2014 ክረምት ጎርፍ መንደሩን ለሳምንታት ደሴት አድርጎት ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት ወደዚህ የምትሄዱ ከሆነ የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን እዩ፤ ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ቦዩ የት እንደሚጀምር አይለይም።

የቀሩት፣ እና ክፍያው

ታውንተን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የሶመርሴት ሙዚየም በነጻ ይገባል። ለፍሩም ክምችት ብቻ ይኬድበታል፤ በ2010 በብረት ፈላጊ መሣሪያ የተገኘ አንድ ማሰሮ፣ በውስጡ 52,503 የሮማ ሳንቲም፣ ክብደቱ 160 ኪሎ ገደማ። ያገኘው ሰው ራሱ ቆፍሮ አላወጣውም፤ ባለሙያ ጠራ። ሳንቲሞቹ ከላይ ወደ ታች በየንብርብሩ ስለወጡ ከሁሉም የኋለኞቹ የሆኑት በብዛት ከመሃል በታች እንደነበሩ ታወቀ። ይህ ማለት ማሰሮው ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ቁጠባ አልነበረም፤ ባዶውን ተቀብሮ በአንድ ጊዜ ተሞላ። በአካፋ ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ነኒ ያለው ትንሽ ግንብ (ከ1373 ጀምሮ) በውሃ ጉድብ ተከብቦ በነጻ ይታያል። ደንስተርም ሩቅ ቢሆን ባለ ስምንት ጎን የክር ገበያው ይታይ።

ታሪካዊ ቦታዎችን የሚያስተዳድሩ ሁለት ድርጅቶች በሚሰጡት የአባልነት ካርድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ናሽናል ትረስት በደንስተር፣ በሞንታኪዩትና በቲንትስፊልድ ይሠራል። ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ በማችልኒ፣ በክሊቭ ገዳምና በፋርሊ ሃንገርፎርድ ይሠራል። የሮማውያኑ መታጠቢያ የከተማው ምክር ቤት ነው፣ የግላስተንበሪ ገዳምና የዌልስ ጳጳስ ቤተ መንግሥትም የየራሳቸው ናቸው፤ አንዱም ካርድ አያስገባችሁም። ለሦስት ቀን ጉዞ ካርድ ከመግዛት በየበሩ መክፈል ይረክሳል።

ከለንደን ፓዲንግተን ባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የመጀመሪያው ቀን ለባዝና ለፌርፊልድ፣ ሁለተኛው ለዌልስና ለግላስተንበሪ፣ ሦስተኛው በመኪና ለቼዳርና ለረግረጉ ይሁን። ሦስተኛውን ቀን ሲመሽ ቡሮ መምፕ ላይ ውጡ፤ በላዩ ፈርሶ የቀረ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ነጠላ ጉብታ ነው፣ ክፍያ የለውም። ፀሐይ ዝቅ ስትል ቦዮቹ አንድ በአንድ ያበራሉ፤ ፓሬት ወንዝ በመሃላቸው ሲታጠፍ፣ በስተሰሜን ሜንዲፕ ከሩቅ ይታያል።